ለነጥብ ያልነበረው ቀን

መምህር ምስጋናው ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጄ ብርቱካን ናት። ሐሙስ ጠዋት የጤና ጣቢያውን ኮሪደር እያጠብኩ ስልኬ ጠራ። ብርቱካን ወልድያ ነው የምትሠራው፤ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም፤ ስለዚህ ስልኩን ገና ሳላነሳው አማተብኩ። እኔ ስጋታም ሴት ነኝ። ስልክ በጠራ ቁጥር አስቀድሞ የሚመጣልኝ ክፉው ነው።

«እማ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። መምህር አርፈዋል። ዛሬ ንጋት ላይ፣ ፍላቂት፣ እናታቸው ቤት።»

ባልዲውን አስጠግቼ እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ደህና በመሆኗ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ቀጥሎ ግን መምህሩ ትዝ አሉኝ። ለእኚህ ሰው መናገር የነበረብኝ አንድ ነገር ነበረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ሲመቸኝ እነግራቸዋለሁ ስል ቆይቻለሁ።

መምህር ምስጋናው ብርቱካን በዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ስትማር ያስተማሯት መምህር ናቸው። ትምህርቱ ምን እንደሆነ እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት በደንብ ላስረዳ አልችልም። ልጄ እንደምትለው፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገቡንና ሥራውን በኮምፒውተር እንዲይዝ ማድረግ ነው። እሳቸው የፍላቂት ሰው፣ የገብስ ገበሬ ልጅ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ጠጋ ብሎ ነበር የሚሰማቸው። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ደግሞ ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው ዝምታው ሲረዝም ይጨንቀውና ወይ ጥያቄውን ይደግማል ወይ ራሱ ይመልሳል። እሳቸው መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ መኪናው እንዳልመጣለት መንገደኛ፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

ብርቱካን ሁለተኛ ዓመት ሳለች ለዕረፍት መጥታ የነገረችኝ ወሬ አለ። ፈተና ፈትነዋቸው አራተኛውን ጥያቄ ክፍሉ በሙሉ ተሳሳተ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ገቡና፣ «አራተኛውን የወደቅኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ከተሳሳተ ያላስተማርኩት ነገር አለ ማለት ነው» ብለው ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። በፈተናቸው ወረቀት መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ያልገባኝ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ተማሪው ያልገባውን ይጽፍበታል። ብርቱካን ጎበዝ ለመምሰል ባዶውን ትታው ቢሮ ተጠራች።

«ሁሉም ገብቶሻል?» አሏት።

«አዎ መምህር።»

ጠበቁ። ከመጠበቃቸው ብዛት ልጄ እንባዋ መጣ፤ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ እንዳልገባት ነገረቻቸው። እሳቸውም «ይሄን ወረቀቱ ላይ ብታሰፍሪው እዚህ ድረስ ባልደከምሽ» ብለው ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እስኪገባት አስረዷት።

ይህን ስታወራልኝ እሷ እየሳቀች ነው። እኔ ግን አልወደድኩላቸውም። «ወጥመድ ነው ልጄ፤ ያልገባሽን ራስሽ ጽፈሽ ነጥብ ሊቀንሱብሽ ነው» አልኳት። እኔ የማውቀው ትምህርት እንደዚያ አልነበረም። ሰሌዳ ላይ ተጠርቶ አላውቅም ያለ እጁን ይዘረጋል፤ በማስመሪያ ጠርዝ ይመታል። ከዚያ ወዲህ አላውቅም ማለት ለእኔ እጅ መዘርጋት ነው።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። ብርቱካን እኔ የምሠራበትን የላሊበላውን ጤና ጣቢያ መረጠች። የካርድ ክፍላችን ሦስት ግድግዳው መደርደሪያ ነው። ታማሚ ስሙን ይናገራል፣ ካርዱ ይፈለጋል። እኔ በወረቀት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ግን ካርድ የምታወጣው ልጅ በቀረች ቁጥር የምገባው እኔ ነኝ፤ ስም ከነገሩኝ ካርዱ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ እጄ ያውቀዋል። የብርቱካን ሐሳብ ካርዱን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር።

ሌሎቹ መምህራን ተማሪውን አዳራሽ አቁመው፣ ግድግዳ ላይ እያሳየ ሲናገር ሰምተው ነው አሉ ነጥብ የሚሰጡት። መምህር ምስጋናው ግን «የተሠራለት ሰው ሲሠራበት ካላየሁ ምኑን ፈተንኩት?» ይሉ ነበር። ገና ሥራውን ስትጀምር፣ «ካርድ የምታወጣው ስትቀር ማን ነው የሚያወጣው?» ብለው ጠይቀዋታል። «እናቴ» ስትላቸው፣ «እንግዲያው እሳቸው ይቀመጡ» አሉ። በደንብ የሚያውቀውን ሰው አይፈልጉትም። በጣም ጥቂት የሚያውቀውን ፈልገው ያስቀምጣሉ።

ይህን የነገረችኝ ለልደት መጥታ ነው።

«እኔ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ?»

«ለዚያ እኮ ነው እማ።»

«ባበላሽ አንቺ ትወድቂያለሽ?»

«ሁለት ጊዜ ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ቀን ለነጥብ አይደለም። የት እንደምትቸገሪ አይተው ይነግሩኛል፤ እኔ አስተካክላለሁ። ነጥብ ያለው የሁለተኛው ቀን ነው።»

አጥርታ ነው የነገረችኝ። አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ። ሰምቼ ነው ያላመንኩት። መምህር ቁጭ ብሎ እያየ ለነጥብ ያልሆነ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስትሠራ «እስቲ አሳዪኝ» እላት ጀመር። ሥራዋን የወደድኩላት መስሏት ደስ ብሏት ታሳየኛለች። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነዋ የተማሩት። እኔ ፊደሉን እለየዋለሁ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም። ስለዚህ ቦታውን ያዝኩ። ከላይ የመጀመሪያዋ ሳጥን ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም፣ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ቀጥሎ ቀበሌ። ታች በቀኝ ጥግ ያለችው ሰማያዊ ስትነካ ካርዱ ይቀመጣል። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቅ ትላለች፤ በግራ ያለውን መንካት ነው። ብርቱካን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ላፕቶፑን እየከፈትኩ ብቻዬን እለማመዳለሁ፤ መክፈቻ ቃሉ የአባቷ ስም መሆኑን አይቼ ነበር። ሳጥኖቹን በደብተር ወረቀት ላይ ሣልኳቸው፤ ቁጥርም ሰጠኋቸው። ሕፃን ሆኜ ግዕዙን ጸሎት እንደያዝኩት፣ ትርጉሙን ሳልጠይቅ በቃሌ ያዝኩት። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄጄም ልጄ ካለፈች ጃንጥላ ላገባ ተሳልኩ።

መምህር የካቲት ላይ መጡ። ከመኪና እንደወረዱ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ካርድ ክፍል ገቡ። እኔን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡና ወደ ልጄ ዞረው «ብርቱካን፣ እጅሽን» አሏት። ልጄ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። እሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው እንደ እሷ አደረጉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እጅ ከተፈታ ይረዳል እታለም። ከረዳንዎ ደግሞ ምኑ እንዳስቸገረዎ አናውቅም» አሉኝ። ሁለቱን እንደተቀጣ ሕፃን ተደርድረው ሳያቸው ሳቄ መጣ።

«አንዲት ሴት መጣች እንበል» አሉ። «ዘነበች ይመር፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ። ካርድ ይክፈቱላት።»

ከፈትኩላት። አንድ ሳጥን አልሳትኩም። ሁለተኛ ሰው ሰጡኝ፣ ሦስተኛ ሰጡኝ። እጄ ይሮጥ ነበር።

«በጣም ፈጠኑ» አሉኝ። «እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

«በመጠኑ» አልኩ።

ጠበቁ። እኔም ኮምፒውተሩን እያየሁ ዝም አልኩ። «ጥሩ» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ብርቱካንን «ዘነበች ይመር የሚባሉ ሴቶች እዚህ ስንት ይኖራሉ?» አሏት። እኔ ቀድሜ «ሰባት አሉ» አልኩ። «እንግዲያው የአያት ስም ያስፈልጋል፤ አስገቢበት። ሌላ ያስቸገራቸው ነገር አላየሁም» ብለው ተሰናብተው ሄዱ።

«እማ፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ ልጄ እየተገረመች።

«አንቺ ይሄን ጭንቅላት ከየት ያመጣሽው መሰለሽ?» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የዚያን ቀን ልጄን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ሰኔ ላይ ሆነ። ብርቱካን ከመምህር ምስጋናውና ከሁለት ሌሎች መምህራን ጋር በአንድ መኪና መጣች፤ ላፕቶፑን ቀድሜ የማይበት ጊዜ አላገኘሁም። ወረቀቴን ነጠላዬ ውስጥ ይዣለሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ሊያይ በሩ ላይ ቆሟል። ልጄ እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች።

የአያት ስም የሚል ሳጥን መሃል ገብቶ ሌላው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወርዶ ነበር። እኔ አላየሁትም። እጄ የሚያውቀው ቦታውን ነው። ዕድሜውን የአያት ስም ላይ ጻፍኩ፣ ቀበሌውን ዕድሜ ላይ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ምን እንደሚል አላውቅም። ወረቀቴን በስርቆት አየሁ፤ ታች በቀኝ ጥግ ይላል። ነካሁ። ጥያቄዋ ብቅ አለች፤ እንደለመድኩት በግራ ያለውን ነካሁ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ተሳካ ብዬ ደገምኩት። አሁንም ደገምኩት።

ልጄ ቦታ ስታስተካክል ሰማያዊዋን ወደ ግራ ወስዳ፣ በእሷ ቦታ ካርድ የምታጠፋዋን አስቀምጣ ኖሯል። ብርቱካን ሁለት ወር ተቀምጣ ያስገባቻቸው ካርዶች በእኔ ጣት ይጠፉ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። እጇ ከጭኗ ሥር ነው። ከንፈሯን ነክሳለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ቃል አልተነፈሰችም። ሕጉ እንደዚያ ነበርና።

«ይብቃ» አሉ መምህር ምስጋናው።

ደንግጬ ስነሳ ወረቀቱ ከነጠላዬ ወደቀ። ከሌሎቹ ሁለት መምህራን መነጽር ያደረገው አነሣው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ገልብጦ አየው። «ሳጥኖቹ ናቸው እኮ። ተማሪ ብርቱካን፣ አስጠንተሻቸው ነው?»

ልጄ ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ኃላፊዬን አየች። ያን ጊዜ በሥራዬ የፈራችልኝ ይመስለኛል።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

መምህር ምስጋናው ወረቀቱን ተቀበሉ። ቆመው ብዙ አዩት። አራት ዓመት የልጄን ጽሑፍ ያረሙ ሰው ናቸው፤ የእኔን የተንጋደደ ጽሑፍ የእሷ ነው ብለው ሊሳሳቱ አይችሉም። አጠፉትና እጄ ላይ መለሱልኝ።

«እታለም» አሉኝ። «የሚሉት ነገር አለ?»

ጠበቁ። ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። አንድ ሰው ያስላል። መስኮት አላዩም፤ የዚያን ቀን እኔን ነበር የሚያዩት። አፌን ከፍቼ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«የለም» አልኩ።

ልጄ ራሷ አዎ ብላለች፣ ሁለት መምህራን ሰምተዋል፤ እሳቸው ብቻቸውን ሊቀይሩት የሚችሉት ነገር አልነበረም። ፕሮጀክቷ ወደቀ፤ በዓመቱ እንድትደግም ተወሰነ። ፈታኞችን ለማታለል ሞክራለች የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ።

ቤት ስንገባ «ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ደግሞም፣ «የካቲት ላይ አላውቅም ብትዪ ኖሮ እማ፣ አማርኛ አደርገው ነበር። እንግሊዝኛው እንደሚያስቸግርሽ ያን ቀን ያዩት ነበር። ቀኑ ለዚያ ነበር እኮ» አለች። በቁጣ አልነበረም። ደክሟት ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥተን አናውቅም።

ጓደኞቿ ሐምሌ ላይ ጥቁር ካባ ለብሰው ተመረቁ። እሷ ብልባላ ገጠር፣ አባቷ እርሻ ላይ አረም ታርም ነበር። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ አደረግሁት። ውኃ ስቀዳ፣ ማኅበር ስጠጣ፣ «ልጄን የጣለ ጨካኝ» እያልኩ አማኋቸው። አንዲት ጎረቤቴ አዝናልኝ «እሱም የልቡን አያግኝ» ብላ ረገመቻቸው። እኔ አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሌሎቹ ሴቶች ሰምተዋል።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ መምህር ምስጋናው ማንም ሳይጠራቸው ጤና ጣቢያ መጡ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«እንዴት ከረሙ እታለም?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ብርቱካን አዲስ ጀምራለች። በዚህ ሰሞን እየመጣሁ አብረን እናያለን። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ። ዘንድሮ ምንም እንዳይዘጋጁ። ያላወቁትን እንዳላወቁት ይዘውልኝ ይምጡ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ወቀሳ አልነበረም። ቅመም እንድፈጭላቸው የሚለምኑ ነበር የሚመስሉት። ማወቃቸውን ያን ጊዜ አረጋገጥኩ። ለመናገርም የተመቸ ጊዜ እሱ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «እሺ» ብዬ መጥረጌን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ተቀመጥን፤ ልጄና እሳቸው እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት።

«ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ጎበዝ። አንድ እጅሽን አውጪና ጻፊ ብርቱካን። ይሄስ?»

«አላውቅም።»

«በጣም ጎበዝ። ይሄኛውስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

በሩ ላይ ካርድ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ገጠር መጥተው ነበር። ሰምተው ሰምተው፣ «አለማወቅ እንዲህ የሚያስመሰግን ከሆነ እኔንም አስቀምጡኝ እንጂ፤ ከእሷ የበለጠ አላውቅም» አሉ። መምህር ምስጋናው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ሽማግሌውን ከምር አስቀመጧቸው። «አባቴ፣ እዚህ ጋ ምን ቢጻፍ ይገባዎታል?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቋቸው።

ሃያ ሦስት ጊዜ አላውቅም አልኩ። ልጄ ሃያ ሦስቱንም አስተካከለች። ጽሑፉን ሁሉ አማርኛ አደረገችው፤ የምታጠፋዋን ከምታስቀምጠዋ አራቀቻት፤ ከማጥፋቷ በፊት የሰውየውን ስም እየጠራች የምትጠይቅ አደረገቻት። «አላውቅም ባሉ ቁጥር እሷ ትማራለች» አሉኝ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን። «እኔም እማራለሁ። አምና ምን እንዳላስተማርኳት አሁን ነው የማየው። ለአዳራሽ የሚሆን ነገር ነበር ያስተማርኳት።» የእኔን ጥፋት እንኳ ወደ ራሳቸው ነበር የሚወስዱት።

ብርቱካን በዚያ ዓመት አለፈች፤ የመውጫ ፈተናውንም አለፈች። ጃንጥላውን አገባሁ። ደብዳቤው ግን ማኅደሯ ውስጥ አለ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆና ለመቅረት ፈልጋ ነበር፤ መምህርም ሊደግፏት ሞክረዋል። ማኅደሯ ሲከፈት ማታለል የሚል ቃል ተገኘ፤ ያ መነጽር ያደረገው መምህርም ከሚመርጡት አንዱ ነበር። ሳትመረጥ ቀረች። እሳቸው ያን ጊዜም ወረቀቱ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ሳልናገር እሳቸው ቢናገሩ የእኔን ስም ማንሣት ስለነበረባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ታመሙ። ኩላሊት ነው ተባለ። ማስተማር አቁመው ፍላቂት እናታቸው ቤት ተኙ። እኔ ያ አሜን ያልኩት ትዝ ይለኝና እንቅልፍ ይነሳኛል። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። «ሂጂና ለራሳቸው ለመምህሩ ተናገሪ» አሉኝ።

አምና ጥቅምት ላይ ማር ይዤ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግድግዳው ሥር አልጋ ላይ ነበሩ፤ ፊታቸው አብጧል፣ እጃቸው ግን የበለጠ ቀጥኗል። ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እናታቸው ውጭ እንግዳ ይሸኛሉ። ሁለታችን ቀረን።

«ካርድ ክፍሉ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው። አሁን እኔም እሠራበታለሁ።»

«ያስቸገረዎ ነገር የለም?»

«የለም።»

«ሌላስ? የሚሉኝ የለም?»

ጠበቁ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። መተንፈስ እንኳ ያደክማቸው ነበር፤ ቢሆንም ጠበቁኝ። እኔም ታመው በዚህ አላስጨንቃቸውም፣ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ። «የለም መምህር፣ እግዚአብሔር ይማርዎ» ብዬ ተነሣሁ።

«ደህና ይግቡ እታለም» አሉኝ።

ብርቱካን በደወለችልኝ በሦስተኛው ቀን፣ ለሰልስቱ፣ ጋሸና ላይ ተገናኝተን ፍላቂት ገባን። በሚኒባሱ ውስጥ እጇን ይዤ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ነው። የአገሩ ገበሬ አለ፣ ያስተማሯቸው ልጆች አሉ፣ መምህራን አሉ። መነጽር ያደረገው መምህር ከእኛ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጧል። እናታቸው እማሆይ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደረቅ ዓይን ይዘው፣ ለሚመጣው ሁሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጠጋ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«አንቺ የማን ነሽ?» አሉኝ።

«ከላሊበላ ነኝ እማሆይ። ልጄን አስተምረዋታል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። አስተማረን ይላሉ። ግን ልጄ ምን ነበር የሚሠራው? እኔ በደህናው ጊዜ አልጠየቅሁት። እነዚህም ሲነግሩኝ አይገባኝም።»

ብርቱካን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝ አደረግኋት።

«ሰው የማያውቀውን ፈልገው ያገኙ ነበር እማሆይ» አልኩ። «ሲያገኙት አይቆጡም። አጠገቡ ይቀመጣሉ።»

«አንቺንም አገኘሽ?»

«አዎ፣ አገኙኝ።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ላፕቶፑን ተደብቄ መክፈቴን፣ ወረቀቱን በእጄ መጻፌን፣ ልጄ ምንም እንደማታውቅ፣ አዎ ያለችው ለእኔ ብላ መሆኑን፣ እኔ ዝም ማለቴን። መነጽር ያደረገው መምህር ዞሮ ይሰማ ነበር። መነጽሩን አወለቀና ያዘው፤ መልሶ አላደረገውም። ብርቱካን አንገቷን ደፍታለች። አሜን ማለቴንም ነገርኳቸው። እሱን ስናገር ድምፄ ጠፋ፤ እማሆይ ግን ሰምተውኛል።

«ልጄ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«እና ጠየቀሽ?»

«ሁለት ጊዜ። ጠይቀው ጠበቁኝ። ሁለተኛው እዚህ ቤት ነው፣ እርስዎ ውጭ ሳሉ።»

«አልነገርሽውም።»

«አልነገርኳቸውም።»

እማሆይ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሲያዩኝ አልተቆጡም፤ አላዘኑልኝምም። የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚያዩኝ።

«እንግዲህ ለእኔ ነገርሽኝ» አሉ። «እኔ ደግሞ ለማን ልንገርልሽ?»

ሌሎች ለቀስተኞች እያለቀሱ ገቡ። እማሆይ በሰው ተደግፈው ተነሡ፤ እኔና ልጄም ቦታ ለቀቅን።